በየቅዳሜው አሥር በመቶ

ጂንካ ውስጥ አሁን አሁን ቅናሽ ያልለጠፈ ሱቅ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጫማ ቤቱ፣ የስልክ ዕቃ መሸጫው፣ ያ መስታወት በመስታወት የሆነው የሴቶች ልብስ ቤት፣ ሁሉም በቀይ ቀለም «እስከ 50% ቅናሽ» ብሎ በሩ ላይ ይለጥፋል። «እስከ» የምትለዋን ጥቃቅን አድርገው ነው የሚጽፏት፤ ተንኮላቸው አይጠፋኝም። ልጄ ስልኳን አውጥታ ስንት እንደሚቀር ታሰላለች፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ እቀራለሁ፣ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ቀኝ እግሬ ሳላዘው መሬቱን መርገጥ ይጀምራል፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። «እማዬን ደግሞ ጀመራት» ትላለች ልጄ። እውነቷን ነው። በመቶ የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ወደዚያ በረንዳ እመለሳለሁ።

በረንዳው የአንድ ጨርቅና የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ከመሃል አገር በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። እኔ ደግሞ ከላይ ከአሪ መንደር የወረድኩ ልጅ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ስፌት ለመድኩና በሐጂ በረንዳ ላይ፣ በሐጂ ስፌት መኪና መስፋት ጀመርኩ። ደንቡ የከተማው ሁሉ ደንብ ነው፤ መኪናው የባለ ሱቁ፣ እጁ የሰፊው፣ ገቢው ለሁለት። ሳምንቱን ሙሉ የተከፈለኝን መኪናው መሳቢያ ውስጥ አጠራቅማለሁ። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን አወጣውና እኩል ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንዱን ይዤ ሱቅ ገብቼ ለሐጂ አስረክባለሁ፣ ሌላውን ለራሴ እይዛለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሐጂ አንድም ቀን ቆጥረው ተቀብለውኝ አያውቁም፣ እኔም አንድም ቀን አጉድዬ አላውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ እዚያች ወንበር ላይ ነበርኩ። አንዱ ወታደር ሄደ፣ ሌላው ወታደር መጣ፣ የሰው ሱሪ ግን መጥበቡን፣ የተማሪ ዩኒፎርም ማጠሩን አልተወም። ለሙሉ ወንጌል መዘምራን ሰማያዊ ካባ ሰፋሁ፣ ለጥምቀት ቀሚስ ከፈፍኩ፣ ለኢድ ጀለቢያ አሳጠርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጂንካ ሁሉም በዓል ልብስ ይፈልጋል።

ከምንም በላይ የምወደው የከሰዓት በኋላውን ነው። ምሳ ተበልቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከተራራው ላይ ጭጋግ ወርዶ የዛፎቹን ጫፍ ሲሸፍን፣ ዝናብ ይመጣል አይመጣም እየተባለ አየሩ ሲከብድ። ከበረንዳው ፊት ለፊት በቤቶቹ መካከል የአውሮፕላኑ ሜዳ ሣር ይታየኝ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ አውሮፕላን የምትመጣ ቀን ብቻ ልጆች እየሮጡ ያባርሩታል። ስፌት እግርን ይይዝና ሐሳብን ይለቃል። እግሬ ይረግጣል፣ መርፌው ይወጣል ይገባል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ወዴት እንደምሄድ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ብቻ ስመለስ እጅጌው ተሰፍቶ አልቆ አገኘዋለሁ።

እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው ሐጂ የትምህርት ቤቱን የሥዕል መምህር አስጠርተው ካርቶን ያስጻፉት። ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸዋል፣ ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ትውልድ አገራቸው ሊመለሱ ቆርጠዋል። መምህሩ ካርቶኑን ከበሩ በላይ ሰቀለው፦ ዕቃ ማጣሪያ፣ በየቅዳሜው አሥር በመቶ ቅናሽ። ከዚያ ሐጂ ወደኔ መጥተው ቆሙ። ሲናገሩ እኔን አላዩኝም፣ መንገዱን ነው የሚያዩት።

«መኪናዋም ከዕቃው ጋር ናት፣ ልጄ» አሉ። «ሺህ ብር ብያታለሁ። እንደ ሌላው ዕቃ በየቅዳሜው ትወርዳለች።»

በከተማው ያለው በረንዳ ሁሉ የየራሱ ሰፊ አለው፤ አንዱም ቦታ አልተረፈም። መኪናዋን ሌላ ሰው ከገዛት እኔ በማግሥቱ ሥራ የለኝም፣ ጓዜን ጠቅልዬ እናቴ ቤት መውጣት ነው። እናቴ ብትሞት እንኳ አትምጪ አትለኝም እንጂ፣ ለአንድ አፍ የሚጨመር እህል አልነበራትም። «እሺ ሐጂ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? የጀመርኩትን ኮሌታ ቀጠልኩ።

በዚያ ላይ ገንዘቤ የታወቀ ነበር። እቁብ ደርሶኝ ሦስት መቶ ብር፣ እናቴ ሁለት በግ ሸጣ እንዳስቀምጥላት የላከችው ሁለት መቶ፤ ይህንንም ራሷ ውሰጂው ብላኛለች። አምስት መቶ ብር፣ ከዚያ አንድ ሳንቲም የለም። ሺህ ብር በየቅዳሜው አሥር በመቶ ከወረደ መቶ መቶ ብር ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ መቶ፣ በሁለተኛው ስምንት መቶ፣ እያለ በአምስተኛው ቅዳሜ አምስት መቶ ይሆናል። በአምስተኛው ቅዳሜ እኔና ዋጋዋ ፊት ለፊት እንገናኛለን። እስከዚያ ማንም ሰው ዓይኑን እንዳይጥልባት ነው የምጸልየው።

ታዲያ እግሬ እየረገጠ ሐሳቤ ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? የማተርፈውን ብር ይቆጥር ነበር። ሺህ ብር የነበረችን ዕቃ በአምስት መቶ ከገዛሁ አምስት መቶ አተረፍኩ ማለት አይደል? በዚህች አምስት መቶ ብር ቤት ሠራሁ። እውነቴን ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያለው ቤት፣ ውስጡ አልጋ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መኪናዋ። መጋረጃውን ሳይቀር ከሐጂ ጣቃ ላይ መርጬ ነበር፣ አረንጓዴ ላይ ነጭ አበባ ያለው። ያ ብር በእጄ የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ቤቱ የሚሠራው ካልወጣ ብር ነው። ግን ዝናቡ ሲጀምር በዚያ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

በረንዳው ደረጃ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ከኔ በዕድሜ ጥቂት የምትበልጥ፣ ምላሷ የማያርፍ። ካርቶኑን በተሰቀለበት ቀን አስነበበችኝና ጣቷን አጠፈች።

«አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ…» እያለች እስከ አሥረኛው ጣቷ ደረሰች። «አንቺ ልጅ፣ በአሥረኛው ቅዳሜ በነጻ ሊሰጡ ነው እኮ።»

«ሐጂ በነጻ? የት ያየሽውን ነው» አልኳት።

«ምን ይገርማል እቴ? ቲማቲሜን ሲመሽ ምን አደርገዋለሁ? ጠዋት በብር፣ ከሰዓት በስሙኒ፣ ገበያ ሲበተን ውሰዱልኝ። የሳቸው ገበያ አሥር ሳምንት ይፈጃል፣ ይኸው ነው።»

ነገሩ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ገበያተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነዋ፤ ዕቃ ሲመሽበት ይረክሳል፣ በመጨረሻ ይጣላል። ሰው እየመጣ ዕቃ ይመርጥ ጀመር፣ መግዛት ግን የለም። አንዷ ሳፋውን አገላብጣ አይታ ቦታው ትመልሰዋለች፤ ሌላው ብርድ ልብሱን በእጁ መዝኖ «ይቺ የኔ ናት» ይልና ይሄዳል። ሽንኩርት ሻጯ አንድ ትልቅ ሮዝ ሳፋ በዓይኗ ይዛ፣ ሰው ሲነካው እላይ ድረስ ወጥታ ትቆጣ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ናቸው ቶሎ ቶሎ የገዙት። ሐጂ ገበያው ለምን እንደቀዘቀዘ ግራ ገብቷቸው ካርቶኑን ወጥተው ያዩት ነበር፣ ፊደል የተሳሳተ እየመሰላቸው።

አሥረኛው ቅዳሜ ሲደርስ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። ከመንደር ሳይቀር ጆንያ ይዞ የወረደ ሰው ነበር። የሽንኩርት ሻጯ ሳፋ ሃያ ብር የነበረው ሰባት ብር ሊሆን ሦስት ሳንቲም ብቻ ጎድሎት ጠበቃት። «አሥር ጊዜ አሥር መቶ አይደለም ወይ?» ብላ ሐጂን በቁም አፋጠጠቻቸው፣ ሰዉም ከኋላዋ ቆሞ አጉረመረመ። ተጨቃጭቃ ተጨቃጭቃ ገዛችው። ሳፋው ተሰንጥቆ እስኪጣል ድረስ ሐጂ ሰባት ብሯን እንደበሏት ስትምል ኖረች።

እኔ ግን ነገሩን ያወቅኩት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ አንዲት ፔርሙስ ናት ያወጣችው።

እኛ ዘንድ የምትፈልጊውን ዕቃ ዋጋ አትጠይቂም። አልዱባ ገበያ ሂጂ፣ ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ሂጂ፣ ማር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የቅሉን ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ሰሊጥ ይቀምሳል፣ ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ ነው ድንገት እንዳየው ሆኖ ማሩ ላይ የሚቆመው። የልብሽን ካሳየሽ አለቀልሽ። ስለዚህ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ግን ዋጋው መውረድ አለመውረዱን ማወቅ ፈለግኩና፣ ስለማልፈልጋት ፔርሙስ ጠየቅኩ። አርባ ብር የነበረች ናት። በኔ ሒሳብ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠላሳ ስድስት፣ በሁለተኛው ሠላሳ ሁለት ብር መሆን አለባት።

«ሠላሳ ሁለት ብር ከአርባ ሳንቲም» አሉ ሐጂ።

«አርባ ሳንቲሟ ከየት መጣች?»

ሐጂ ሳንቲም አወጡና ባንኮኒው ላይ ደረደሩ። ሒሳብ ሲያስረዱ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። «አርባ ነበረች። አሥር በመቶዋን አራት ብር አነሣሁ፣ ሠላሳ ስድስት ቀረች። ዛሬ አሥር በመቶ የማነሣው ካለችው ከሠላሳ ስድስቷ ነው። ሦስት ብር ከስድሳ።»

«ለምን ከአርባው አያነሡም?»

«አርባውማ አለፈ ልጄ» አሉ። «የለም እኮ። ከሌለ ነገር ይቀነሳል?»

አርባ ሳንቲም ናት እንግዲህ። ከሱቁ ግን ፔርሙሷን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሳሙና ስባሪ አነሣሁ፤ ሰፊ ጨርቅ የሚያሰምርበትን። ፊቴ ላይ ለተማሪ ሱሪ የተቆረጠ ካኪ ነበር፣ በግልባጩ ላይ መኪናዋን መቀነስ ጀመርኩ። ዘጠኝ መቶ። ስምንት መቶ አሥር። ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ። ስድስት መቶ ሃምሳ ስድስት ከምናምን። በአምስተኛው ቅዳሜ አምስት መቶ ዘጠና ብር ከአርባ ዘጠኝ ሳንቲም። ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ከኔ ገንዘብ በታች የምትወርደው በሰባተኛው ቅዳሜ ነው፣ አራት መቶ ሰባ ስምንት ከሠላሳ ስትሆን። ሁለት ቅዳሜ ተጨመረብኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ በሚተርፈኝ ብር በሠራሁት ቤቴም ላይ ዘጠና ብር ጎደለ። አልጋውን አነሣሁት። ቀጥሎ አንዱን መስኮት ደፈንኩት።

ይገርማችኋል፣ ካዘንኩ በኋላ መቀነሱን ማቆም አልቻልኩም። ካኪው አልቆ ሌላ ካኪ ላይ ሄድኩ። ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ እግሬ እየረገጠ አፌ እየቆጠረ እስከ ሃያኛው ቅዳሜ ደረስኩ፤ መቶ ሃያ አንድ ብር ገደማ። በየቅዳሜው የምትወርደው እያነሰ ይሄዳል፤ መጀመሪያ መቶ ብር፣ ኋላ ሃምሳ፣ ኋላ አሥራ አምስት፣ እንደ ደከመው ሰው እርምጃዋ ያጥራል፣ ግን አትቆምም። ሁልጊዜ ከቀረው ላይ አሥረኛው ይሄዳል፣ ሁልጊዜ ደግሞ ዘጠኙ እጅ ይቀራል። የቀረውን በቅርቡ ልጄ በስልኳ አወጣችልኝ፦ ዓመት ሲሞላት አራት ብር ከምናምን፣ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሳንቲም አትሞላም። ዜሮ ግን አትሆንም። መቼም አትሆንም። ያኔ ይህን በቁጥር ባላውቀውም በሐሳቤ አይቼዋለሁ፤ እኔ አርጅቼ፣ መኪናዋ ዝጋ፣ ሜዳው ላይ ሣሩ ሰው አክሎ፣ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ ከሳንቲሟ ላይ ይቺን ታህል ወረደች» ሲሉኝ። ያስፈራ ነበር፣ ደግሞ ደስ ይል ነበር። ሱሪዎቹ ተሰፍተው ተሰጡ፤ ቁጥሮቼም ከነሱ ጋር ትምህርት ቤት ገቡ።

አምስተኛው ቅዳሜ በሰላም አለፈ። ስድስተኛው ላይ ነው ጉዱ የመጣው።

ዋጋዋ የዚያን ቀን አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ብር ከአርባ አራት ሳንቲም ነው፣ በልቤ ይዤዋለሁ። ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት አንድ ወጣት ነጋዴ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ከኦሞራቴ ዕቃ ሊጭን የመጣ ነው፣ ወዲያ ድንበሩ አካባቢ ሱቅ አለው። አጠገቤ ቆሞ መኪናዋን ዳበሳት፣ መዘውሯን አዞረ።

«ትሠራለች?» አለ።

«ትሠራለች።»

«እስቲ ስፊባት ልያት።»

ክሩን ላላ ባደርገው ስፌቷ ይዘላል። ይዘላል ይላል፣ ትቷት ይሄዳል፤ በሳምንቱ የኔ ናት። ሐሳቡ መጣ፣ ጣፋጭ ሐሳብ ነበር፣ አልዋሽም። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቀጥ አድርጎ መስፋት ብቻ የለመደ እግር ከየት አምጥቶ ያበላሻል? ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ መስመር ሰፋሁለት፣ ዞሬ ሁለተኛ ሰፋሁለት፣ እንደ ተሰመረ ደብተር።

«ቆንጆ ናት» አለ፣ መኪናዋን ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣራ፦ «ሐጂ፣ ይህቺ ስንት ናት?»

ሐጂ ዋጋዋን ከነሳንቲሟ ነገሩት። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ገባ።

ተነሣሁ። ስነሣ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ቁጭ ብዬ መቅረት አለመቻሌን ብቻ ነው። ሱቅ ገብቼ ባንኮኒው ፊት ቆምኩ። አምስት መቶ ብሬን ከደረቴ አውጥቼ አስቀመጥኩት። የመኪናዋን መሳቢያ ነቅዬ ይዤ ነበር የገባሁት፣ ሳላስተውለው፤ እሱንም ከብሩ ጎን አስቀመጥኩት። ቀዝቃዛ ሳምንት ነበር፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ሠላሳ ስድስት ብር ነው።

«ሐጂ፣ እኔ እወስዳታለሁ» አልኩ። «ከዚህ ከመሳቢያው ግማሹ የኔ ነው፣ ይጨመር። ግማሹ የርስዎ ነው። የዚህን ሳምንት ግማሽ ለኔ ይተዉልኝ።»

«ቅናሽ ላይ ቅናሽ ልጄ?» አሉ።

«ቅናሽ አልጠየቅኩም።» አማርኛዬ ስቆጣ ወደ አሪኛው ያዘነብላል፣ የዚያን ቀንም አዘነበለ። «እርስዎ ከመቶ አሥር ሲቀንሱ ካርቶን አጻፉ፣ ከተማው ሁሉ አነበበው። ከኔ ከመቶ ሃምሳ ሲቀነስ ስምንት ዓመት ሆነ፤ አንድ ሰው አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም ነበር። በሳሙና ሳሰላ ሳሰላ ነው ያየሁት።»

ሽንኩርት ሻጯ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሐጂ ቆባቸውን አወለቁ፣ ባንኮኒው ላይ አኖሩት፣ ራሳቸውን ዳበሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ታምሜ ስተኛ ሾርባ ያስላኩልኝ፣ ለአባቴ ለቅሶ ከነጉልበታቸው ዳገት የወጡ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው ያን ቃል ማውጣት እንደዚያ የከበደኝ።

«ሃምሳ በመቶ» አሉ ለራሳቸው። «እንዲህ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም።»

አመንኳቸው። ዛሬም አምናቸዋለሁ።

«እኔ ስድስት መቶ እከፍላለሁ» አለ የኦሞራቴው ልጅ። «አሁኑኑ ትጫንልኝ።»

«ዋጋዋ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ለአንተም ለሷም ያው ነው» አሉት። «እሷ ቀድማሃለች።»

«መች ነው የቀደመችኝ? እኔ አይደለሁም የጠየቅኩት?»

ሐጂ በበሩ በኩል ወደ በረንዳው አመለከቱት። «ወንበሯ ሲሚንቶውን የበላበትን አየህ? መቼ እንደቀደመችህ እዚያ ላይ እየው።» ልጁ ሄዶ አየ፤ አራቱ የወንበር እግሮች ቆፍረው የተቀመጡባቸው አራት ጉድጓዶች ናቸው። ሁለት ጀሪካንና አንድ ፋኖስ ገዝቶ ሄደ።

ከዚያ ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔን ገንዘብ ቆጠሩ። አምስት መቶውን ቆጠሩ፣ የመሳቢያውን ሠላሳ ስድስት ብር ቆጠሩ። አምስት ብር መለሱልኝ። «አርባ አራቷ ሳንቲም ምርቃት ትሁንሽ» አሉ። ቅናሽ የሚባል ነገር ካደረጉልኝ እሷ አርባ አራት ሳንቲም ናት። ሌላው ሁሉ የራሴ ነበር።

በረንዳውን አልለቀቅኩም፤ ሐጂ እስኪሄዱ ቦታው የኔ ነው ብለውኝ እዚያው ሰፋሁ። ስለ ቤቱ ማሰብ ተውኩ። ያን ሳምንት ሐሳቤ የትም አልሄደም፣ ከእግሬ ጋር ነበር። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ቁልቁል መኪናዋን እያየሁ ሰፋሁ፣ ከዚያ በፊት ያላየኋት ይመስል። ሰው መጣ፣ ሥራው ሞቀ፣ ዝናቡ ሲመጣ ካኪውን ወደ ግድግዳው እየሳብኩ ቀጠልኩ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ገበያው ሲበተን መሳቢያውን ከፈትኩ። አርባ ሁለት ብር። እጄ ራሱ ያውቀዋል፣ ለሁለት ከፈለው፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ። አንዱን ይዤ ሱቅ ገባሁና ለሐጂ ዘረጋሁላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ግማሽዎ ነዋ።»

ሐጂ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ያወቅነው እኩል ይመስለኛል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ብሩ ላይ አጠፉልኝ። «የምን ግማሽ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ቀሚሴ ላይ አንድ ኪስ ነው ያለው፤ ራሴ የቆረጥኩት፣ ግማሽ ገንዘብ የምታህል ጠባብ ኪስ። የመጀመሪያውን ሃያ አንድ ብር ከተትኩ፣ ሁለተኛውን ስጨምር ሳንቲሙ ጠርዙን አልፎ መሬት ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብዬ ስለቅም እንባዬ መጣ። ስንት ኪስ ሰፍቻለሁ በዚያች መኪና፤ ለተማሪ፣ ለፖሊስ፣ ለአስተዳደሩ ሰዎች ሁሉ። ለዚህ ብር ኪስ አልነበረኝም።

ከተረፈው ካኪ አንድ መዳፍ የምታህል ቆረጥኩ። ቀሚሴን ሳላወልቅ ጎኑን ሳብ አድርጌ ከመርፌው ሥር አስገባሁና ቁራጩን ሦስት ጎን ሰፋሁት። መንገዱ ላይ ሰው እያለፈ ነበር፤ ያየኝ ካለ ምን እንዳለ አላውቅም። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ የቀረውን ሃያ አንድ ብር ከተትኩበትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።